የካቲት ሠላሳን ስለማያውቁት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮችና ስለታገደችው መሰረት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት «ለተማሪ የደብዳቤ ቁጥር አንሰጥም» ስላለ ባዶ ነው
ቀን፦ መጋቢት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አስናቀው መልካሙ
የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና ተማሪ መሰረት ወደ ኮምፒውተር ክፍል እንድትመለስ መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በቀበቶዎ ላይ የሚንጠለጠሉት አሥራ አራት ቁልፎችስ ደኅና ናቸው? እኛ የዌብ ክበብ ስድስት አባላት እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን፤ አምስታችን ከክፍሉ ውስጥ፣ ስድስተኛዋ ግን ከክፍሉ ውጭ ሆና።

ደብዳቤዬን በእጅዎ በመስጠት ፈንታ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ይዤው ሁለት ጊዜ ብመጣ «ደብዳቤ የሚገባው በመዝገብ ቤት በኩል ነው» ብለው መለሱኝ፣ መዝገብ ቤት ብሄድ «የኮምፒውተር ነገር በኮምፒውተር ክፍል በኩል ነው» ብለው መለሱኝ፣ በሁለታችሁ መካከል የቆመው ሰሌዳ ብቻ ምንም ሳይለኝ ተቀበለኝ። ሰፈር ውስጥ አያ አስናቀው እያልኩ እንደምጠራዎት፣ በልጅነቴ ከአጥርዎ ላይ ኮክ ስሰርቅ ይዘው በተግሣጽ ብቻ የለቀቁኝም እርስዎ እንደሆኑ አልረሳሁም፤ ዛሬ ክቡር የምልዎት ጉዳዩ ከኮክ ስለሚከብድ ነው።

ሰሌዳው ፊት ቆመው ለሚያነቡት መምህራንና ተማሪዎች ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሥራችንን በአጭሩ ላስረዳ። ክበባችን የሚሠራው «የመናኸሪያ ሰሌዳ» የሚባል ድረ ገጽ ነው፤ ወደ ኮላ ድባ፣ ወደ ትክል ድንጋይ፣ ወደ ኮሶዬ የሚሄድ መኪና አለ ወይስ ወጥቷል፣ ስንት ወንበርስ ቀርቶታል የሚለውን ሰው ጓዙን ተሸክሞ ጎንደር መናኸሪያ ድረስ ሳይለፋ እንዲያይ ነው። ለእያንዳንዱ ከተማ የሚታየው ካርድ ኮምፖነንት ይባላል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ስሙ ብቻ እየተቀየረ በየቦታው የሚሰካ ቁራጭ ነው፣ ልክ እርስዎ አንድ የእገዳ ደብዳቤ አርቅቀው የተማሪውን ስም ብቻ እየቀየሩ እንደሚያወጡት።

ካርዱን የጻፈችው መሰረት ናት። መሰረት ከትክል ድንጋይ መጥታ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስልኳ ባለ ቁልፍ የሆነ፣ ኮምፒውተር የምታገኘውም በእርስዎ ክፍል ውስጥ ብቻ የሆነ ልጅ ናት። መጋቢት 26 በሚደረገው የከተማው የተማሪዎች የፈጠራ ትርኢት ላይ ሥራውን ቆማ የምታሳየው እሷ ነበረች፤ ከዚያ የሚመረጡት ክረምቱን ባሕር ዳር ሄደው ይሠለጥናሉ፣ ነገር ግን የሠራውን ነገር እዚያው ከፍቶ ማስረዳት ያልቻለ አይመረጥም። አሥር ቀን ቀርቷል፣ ካርዱም ገና ግማሽ ነው። ይህን ይዘን ወደ ምስጋናዬ እንለፍ።

አንደኛ፣ በጥቅምት ወር አሥራ አንዱ ኮምፒውተሮች ከካርቶናቸው በወጡበት ቀን ስላሳዩት የሀገር ፍቅር አመሰግናለሁ። በየስክሪኑ ጥግ 2025 የሚል ቁጥር ሲያዩ መነጽርዎን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው፣ «ምነው፣ እነዚህ ደግሞ እኛ ያልደረስንበት ማን አደረሳቸው?» ብለው አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ወደ 2018 መለሷቸው፤ ሰዓታቸውንም ከእጅ ሰዓትዎ ጋር አስማሙት፤ ዳግመኛ እንዳያፈነግጡም ቀናቸውን ራሳቸው ከኢንተርኔት ላይ እያዩ እንዲያስተካክሉ የሚፈቅደውን ማብሪያ አጠፉባቸው። በዚያን ቀን ሁላችንም አጨብጭበናል፣ እኔ እንዲያውም ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው፣ ምስጋናው ግን የእርስዎ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ድረ ገጾች ሁሉ አንከፈትም ሲሉ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃ ነው። «ኔትወርክ የለም» የሚል ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል አትመው፣ በፕላስቲክ አሽገው ላሚኔት አስደርገው፣ በሩ ላይ ለጥፈውልናል። ላሚኔት መደረጉ በተለይ አጽናንቶናል፤ ሰው ነገ ይመለሳል ብሎ የሚያስበውን ነገር ላሚኔት አያስደርግምና፣ ቁርጡን ማወቅ ደግሞ ያሳርፋል። ከቢሮዎ በኩል በዚያው ዋይፋይ በስልክዎ የሚከፍቱት መዝሙር ሸጋ ሆኖ በግድግዳው ይሰማን ነበር፤ ኔትወርኩ ለኃላፊ ብቻ የሚታይ ይሆናል ብለን አለፍነው።

ሦስተኛ፣ በየካቲት መጀመሪያ ካርዱን ለመሥራት የሚያስፈልጉንን መሣሪያዎች ለመጫን ስንነሣ ስለሰጡን ሁለገብ የቴክኒክ ድጋፍ ነው። ዋናውን ፕሮግራም በፍላሽ አምጥተን ጭነን ነበር፤ የቀሩትን መቶ ምናምን ትናንሽ ቁርጥራጮች ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያመጣ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፍለታል። ጻፍን። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ሞላ። ደገምን፣ ደግሞ ቀላ። እርስዎን ጠራን። «አጥፉትና አብሩት» አሉ፤ ጠፋ፣ በራ፣ ቀላ። «ሞቆታል፣ ይረፍ» ብለው የዳንቴል ልብሱን አልብሰው እስከ ማግሥቱ አስተኙት፤ አርፎ፣ ተኝቶ፣ በርትቶ ቀላ። «ያ ጥግ ነፋስ ይበዛበታል» ብለው ሰባተኛውን ኮምፒውተር ከአራተኛው ጋር ቦታ አለዋወጡት፤ ነፋስ በሌለበትም ቀላ። ከዚያ ወዲያ «የቀይ ጽሑፍ አጣሪ ኮሚቴ» አቋቋሙ፤ የጂኦግራፊው መምህር ጽሑፉ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ጠየቁ፣ የአማርኛው መምህር ቀይ ቀለም ድሮም ቢሆን ለከበረ ስም ነው የሚውለው አሉ፣ የስፖርቱ መምህር ሻይ እንዲመጣ ሐሳብ አቀረቡ፣ በሙሉ ድምፅ የጸደቀውም ይኸው የመጨረሻው ነው። ጥበቃችን አያ ሙሉሰው «ጠበል ቢረጭበትስ?» ብለው ሲያማክሩዎት «ዋስትናው ይቋረጣል» ብለው መከልከልዎን ግን ያለ አንዳች ፌዝ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ቀዩን ጽሑፍ በጣትዎ እየተከተሉ አነበቡና ሰርተፊኬት የሚለውን ቃል አገኙ። «ይኸው! ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም ነው የሚለው። እናንተ ልጆች ያለ ማስረጃ ነው እንዴ የምትነካኩት?» ብለው ስድስታችንም የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬታችንን ዋናውንና ኮፒውን ይዘን እንድንቀርብ አዘዙ። መሰረት የሷን ለማምጣት ትክል ድንጋይ ደርሳ ተመልሳለች፤ አባቷ ከሣጥን እያወጡላት «ምነው ልጄ፣ አባረሩሽ እንዴ?» ብለዋት እንደነበር በኋላ ሰማን። ስድስቱም ኮፒዎች ማኅተም ተመትቶባቸው በፋይል ታሰሩ። ትእዛዙን እንደገና ጻፍነው። ኮምፒውተሩ ማኅተሙን ያላየ ይመስለኛል፤ ቀላ።

አራተኛው ምስጋና ስለ የካቲት ሠላሳ ነው። በእርስዎ ሥርዓት ፌብሩዋሪ ማለት የካቲት ነው፤ በየወሩ መባቻ ቀኑን ስለሚያቃኑላቸው፣ በጥርም ወደ 2019 ሲሻገሩ ወደ 2018 ስለመለሷቸው ኮምፒውተሮቹ እስከ የካቲት 28 ድረስ እግራችንን ተከትለው በፍቅር ተጓዙ። 29 እሑድ ስለዋለ ማንም አላያቸውም። ሰኞ፣ የካቲት 30 ጠዋት ሲያበሯቸው ግን አሥራ አንዱም ማርች 2 ላይ ተቀምጠው ጠበቁዎት፤ በእርስዎ ቆጠራ መጋቢት 2 መግባቱ ነው። ወደ ኋላ ሊመልሷቸው ሞከሩ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ፈልገው አጡ፤ 28 ላይ መንገዱ ያልቃል። ሁለቱ ቀናት የት እንደገቡ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲፈልጉ ዋሉና ለአቅራቢው ድርጅት «የላካችሁልን ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቀን ይጎድላቸዋል፣ ጉድለቱ ይሟላልን» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ሰውና ኮምፒውተር በአንድ ቀን ላይ እስኪገናኙም ክፍሉ ተቆልፎ ዋለ። ማክሰኞ መጋቢት 1 አሥራ አንዱንም ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ጎትተው፣ ይቅር ብለው ከፈቱልን። ጳጉሜን ሲመጣ ምን ለማድረግ እንዳሰቡ ልጠይቅዎ ፈልጌ ድፍረት አጣሁ።

አምስተኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ታግሠው ያንብቡልኝ። ዓርብ መጋቢት 4 ቀን መሰረት በሰባተኛው ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠችውን ፋይል ልትከፍት ስትል አጠገቡ የተጻፈውን ቀን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንዱዓለም፣ ይኼን የጻፍኩት በማርች 2018 ነው ይላል። ለፈረንጆቹ እኮ ይኼ እኔ ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዘመን ነው» አለችኝ። «ታዲያ ከልጅነትሽ ጎበዝ ነበርሽ» አልኳት። አልሳቀችም። ደብተሯን ገልጣ እየሣለች አስረዳችን፦ ሩቅ ያለው ኮምፒውተር የጠየቅነውን ዕቃ ከመስጠቱ በፊት መታወቂያውን ያሳያል፤ ቀዩ ጽሑፍ ሰርተፊኬት የሚለው ያንን መታወቂያ ነው እንጂ የእኛን የስምንተኛ ክፍል ውጤት አይደለም። መታወቂያው የወጣው በቅርቡ፣ በነሱ 2026 ነው። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ዛሬ 2018 ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይዞ የመጣን እንግዳ አጭበርባሪ ነው ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ኔትወርክ ነበረ፣ ክቡር ሆይ። አምስት ወር ሙሉ ያ ላሚኔት ከተለጠፈበት በር ውጭ ቆሞ ሲያንኳኳ ነበር።

«ልቀይረው?» አለች። የሰባተኛውን ኮምፒውተር ቀን ብቻ ወደ ማርች 13፣ 2026 አመጣችው፣ ሰዓቱንም አስተካከለች፣ ትእዛዙን ጻፈች። ስክሪኑ አልቀላም። አንዲት ቀጭን መስመር እየሄደች እየሄደች ሞላች፣ መሣሪያዎቹ ሁሉ ገቡ፤ ገጹን ስንከፍተው «ትክል ድንጋይ፣ 3 ወንበር ቀርቷል» የሚል አረንጓዴ ካርድ ወጣ። እልል ያልነው ያኔ ነው፤ እርስዎ ረብሻ ብለው የመዘገቡትን ማለቴ ነው።

ስድስተኛ፣ እልልታውን ሰምተው ሲገቡ ከካርዱ በፊት ከጥጉ ያለችውን ቀን ማየትዎ ስለ ዓይንዎ ጥራት ይመሰክራል። «ማነው ስምንት ዓመት የጨመረ?» አሉ። መሰረት እጇን አወጣች። ሰኞ መጋቢት 7 የወጣው ደብዳቤዎ እነሆ ከጎኔ ነው፤ «በመንግሥት ንብረት ላይ ያለ ፈቃድ ዘመን በመጨመርና የሀገሪቱን የቀን አቆጣጠር በመዳፈር» እስከ ትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ድረስ ከኮምፒውተር ክፍሉ በር እንዳታልፍ ታግዳለች። ኮምፒውተሩም ወዲያው ወደ 2018 ተመለሰ። አንዴ የገባ ዕቃ ዳግመኛ መታወቂያ ስለማይጠየቅ ካርዱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ይህን የነገርኩዎት እንዳያጠፉት አምኜዎት ነው።

እዚህ ላይ ሕግ ያልተማርኩ ብሆንም አንድ ትሑት አስተያየት አለኝ። መሰረት ያንን ቁልፍ ስትጫን ኮምፒውተርዎ የሚለው ማርች 2018 ነበር፤ በዚያ ቀን ደግሞ መሰረት የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ናት፣ ጎንደርን ገና አላየችም። እንግዲህ ወይ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ሕፃን ቀጥተዋል፣ ወይ ቀኑ ስሕተት ነው። የቀለለዎትን ይምረጡ።

በዘመን አቆጣጠራችንም ነገር እንዳይጠረጥሩን። እኔ ራሴ ጳጉሜን 3 የተወለድኩ ሰው ነኝ፤ በኮምፒውተሮችዎ ሥርዓት ጨርሶ አልተወለድኩም፣ እናም ለጳጉሜን የምቆረቆርን ያህል ማንም አይቆረቆርም። ዕንቁጣጣሽን ወደ ጥር እንውሰድ ያለ የለም። ኮምፒውተሩ ግን ከውጭ ካሉት ጋር የሚነጋገረው በነሱ ቀን ነው፤ ለእኛ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት የግድግዳ ካላንደር ይበቃናል። ባሕር ማዶ ላለ ዘመዱ የሚደውል ሰው «እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አገሩን ካደ አይባልም፤ ሰው ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅስ ነው።

የሚቀጥለውን ግን ሳይስቁ ያንብቡልኝ። መሰረት «ልቀይረው?» ስትል «ቀይሪው» ያልኳት እኔ ነኝ። እርስዎ «ማነው?» ሲሉ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ላውጣው አላውጣው እያልኩ ሳስብ የሷ እጅ ወጣ። ስሜን አልጠራችም፣ በኋላም ለምን እንዳልወጣሁ አልጠየቀችኝም፣ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት በኋላ አምስታችን ስንገባ እሷ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ኮዱን በደብተር ትጽፋለች። እኔ ደብተሩን ተቀብዬ እገባለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ ይሳሳታል፤ ስሕተቱን በወረቀት ጽፌ እወጣለሁ፣ አይታ ታርማለች፣ እንደገና እገባለሁ። ትናንት አንዲት የተረሳች ቅንፍ ለመዝጋት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በዚህ አካሄድ ካርዱ የሚያልቀው ለመስቀል ነው፤ ትርኢቱ ላይም ኮዱን ክፈቱና አስረዱ ሲባል የምቆመው እኔ ልሆን ነው፣ እኔ ደግሞ የማስረዳው ስመላለስ ያለቀውን ጫማዬን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ያዘዘውን አፍና የጫነውን እጅ እኩል ያግዱ፣ ወይ እጅን ይፍቱ። ምርጫውን ላግዝዎ ብል፣ እኔን ቢያግዱ ክበቡ የሚያጣው አንድ ወሬኛ ነው፤ እሷን ሲያግዱ ግን ያጣነው ካርዱን የሚያውቀውን ብቸኛ ሰው ነው፣ እሷም የምታጣው በዚህ ከተማ ውስጥ የተከፈተላትን ብቸኛ ኮምፒውተር ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ በሚረዝመውም ዕድሜዎ ውስጥ አንዲት ቀን እንኳ እንዳትጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ብዛት ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ስልም የኤሌክትሪክ ገመዱን እንዳልነካ ተጠንቅቄ፣ ጫማዬን ከበሩ ውጭ አውልቄ፣ ፍላሼን አስመዝግቤ፣ ስምዎን በበጎ ከማንሣት የማልቦዝን ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

አንዱዓለም ዳኛው
11ኛ ክፍል፣ የዌብ ክበብ ጸሐፊ፣ ለጊዜው ያልታገደ

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህርት ጽሕፈት ቤት
ለአያ ሙሉሰው፣ ጥበቃ (ሳያነቡ እንዳይነቅሉት)
ለሰባተኛው ኮምፒውተር (ከስምንት ዓመት በኋላ ይደርሰዋል)

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት እንግዳ ሰባተኛው ኮምፒውተር ላይ ካርዱን አይተው «ሸጋ ነው! ይህን ማን አስተካከለው?» ሲሉዎ «በክፍላችን ጥረት ነው» ብለው በትሕትና መመለስዎን፣ እሳቸውም ተደስተው የፊታችን ሰኞ በከተማው አዳራሽ ለስምንት ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ኃላፊዎች ልምድዎን እንዲያካፍሉ መጋበዛቸውን ሰምተን ደስ ብሎናል። ዛሬ ጠዋት አያ ሙሉሰው በር ላይ ያዙኝና «አንተ ልጅ፣ እስቲ ያች ልጅ የነካችው የቱን ነው? ለማን ነው ብለህ አትጠይቀኝ» ብለው ይኸው ጥያቄ የተጻፈባት እጥፍ ያለች ወረቀት ሰጡኝ፤ የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው። ለመሰረት አሳየኋት። ምንም ቅር ሳይላት «አሳያቸዋለሁ፤ ግን ደብዳቤያቸው ከበሩ እንዳላልፍ ስለሚል በመስኮት ነው» አለች። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ከውጭ በኩል ትቆማለች። እርስዎ መስኮቱን ከፍተው ከሰባተኛው ፊት ይቀመጡ፣ የምትልዎትን ይጫኑ፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ ስለሆነ እኔ አጠገቧ ቆሜ ጮክ እያልኩ እደግምልዎታለሁ፣ ከሰሌዳው ፊት ያሉትም መጥተው ቢያዳምጡ ቅር አይለንም። ቅዳሜ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ እንደሚገባዎ አልጠራጠርም። ሰኞ ስምንቱ ኃላፊዎች ጥያቄ ቢያነሡብዎ ግን፣ አዳራሹ ከመስኮታችን ሩቅ ነው።